በሰው ስም የተመዘገበ መሬት

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ ሰው የሚገባውን ተከልክሎ ኖረ እንበል። ሕጉ አልቆጠረውም፣ ዳኛው አልሰማውም፣ ጎረቤቱም አላመነውም። ከብዙ ድካም በኋላ ግን አንድ ቀን መልካም ነገር በእጁ ገባ። ይህ ሰው ያገኘውን ነገር ምን ሊያደርገው ይገባል? አጥብቆ ቢይዘው ማን ይፈርድበታል? «እኔ ስቸገር ማን ደረሰልኝ?» ብሎ ቢጠይቅስ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በየወጣት ኅብረታችን ውስጥ ተከልክለው ያደጉ አሉ። በቤተሰባቸው ድህነት የተናቁ፣ በአነጋገራቸው የተሳቀባቸው፣ በስደት አገር የመኖሪያ ወረቀት እስኪያገኙ ዓመት የቆጠሩ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ነገ ሥራ ይይዛሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ሰው ቀጣሪ ይሆናሉ። ቁልፉ በእጃቸው ይገባል። ያን ጊዜ በሩን ይከፍቱታል ወይስ እነርሱ እንደተዘጋባቸው ይዘጉታል? ሰው በችግሩ ዘመን ምን እንደሆነ ብዙ ተብሏል። ችግሩ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አንነጋገርም። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት አብረን እንድናይ እፈልጋለሁ። (ከዚህ በታች የምትመለከቷቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ጆርጅ ዋሽንግተን ይባላል። የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አይደለም፤ የተጋሩት ስም ብቻ ነው። ይህኛው በ1817 በቨርጂንያ ተወለደ። አባቱ በባርነት የተያዘ ጥቁር ሰው ነበር፤ እናቱ ነጭ ነበረች። እናቱ ሕፃኑን ጄምስ እና አና ኮክራን ለሚባሉ ነጭ ባልና ሚስት ሰጠች፤ እነርሱም አሳደጉት። ቤተሰቡ ከቨርጂንያ ወደ ኦሃዮ፣ ከዚያም ወደ ሚዙሪ ሄደ። ልጁ አድጎ ብዙ ሙያ ለመደ፤ ማንበብና መጻፍንም ተማረ። ነገር ግን በሄደበት ሁሉ ለሌላው የተከፈተው ለእርሱ ዝግ ነበር፤ ጥቁር ለሆነ ሰው ሕጉ ሌላ ነበርና።

በ1850 ዋሽንግተን ከአሳዳጊዎቹ ጋር በሠረገላ ወደ ምዕራብ ተነሣ። ብዙ ወራት የሚፈጅ መንገድ ነበር። ሲደርሱ ግን ያገኙት የኦሪገን ግዛት ጥቁሮች ገብተው እንዳይሰፍሩ የሚከለክል ሕግ በ1849 አውጥቶ ነበር። በዚያው በ1850 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ለሰፋሪዎች መሬት በነፃ የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። በሕጉ መሠረት እስከዚያ ዓመት ታኅሣሥ 1 ድረስ ለደረሱ ባልና ሚስት 640 ኤከር፣ ማለትም 260 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር። ባለመብቶቹ ነጮችና ከነጭና ከአገሬው ነባር ሕዝብ የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። ጥቁር በሕጉ አልተካተተም። እስቲ አስቡት፤ አገሩን ሁሉ ለመጣ ሰው በሚያድል መንግሥት ፊት ቆሞ «አንተን አይመለከትም» መባል።

ዋሽንግተን ግን በ1852 ወደ ሰሜን ተጉዞ የስኩከምቸክ ወንዝ ከሺሄሊስ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሰፈረ። ጎጆ ሠራ፣ ደን መነጠረ፣ ዘር ዘራ። መሬቱ በላቡ የለማ ቢሆንም በወረቀት የእርሱ አልነበረም። ማንም ነጭ ሰፋሪ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ሄዶ «ይህ የኔ ነው» ቢል ሕጉ ከዚያ ሰው ጋር ነበር። በዚህ ጊዜ ኮክራንና ሚስቱ አንድ ነገር አደረጉ። መጥተው 640 ኤከሩን በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። በ1853 የዋሽንግተን ግዛት ከኦሪገን ተለይቶ ቆመ፤ አዲሱ ግዛት ጥቁር ሰው መሬት እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግ አልነበረውም። በኋላም ኮክራኖች በስማቸው የያዙትን መሬት ለዋሽንግተን ሸጡለት። ያን ጊዜ ላቡም ወረቀቱም የአንድ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በእኛ አገር ሥራ ለመቀጠር ወይም ብድር ለመውሰድ የተጠየቀ ሰው «ዋስ አምጣ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ዋስ የሚሆን ሰው ቀላል ነገር አያደርግም፤ ስሙን ያበድራል። ስምህ ባልተሰማበት ቢሮ ስሙን አስይዞ ያስገባሃል። ኮክራኖች ለዋሽንግተን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዕብራውያን መልእክትም ጌታ ኢየሱስን ለሚሻለው ኪዳን ዋስ ብሎ ሲጠራው የሚናገረው እንዲህ ስላለው ነገር ነው። በራሳችን ስም ልንገባ በማንችልበት ስፍራ በሌላው ስም ገባን። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዓመታት አለፉ። ዋሽንግተን በ1869 ሜሪ ጄን የምትባል መበለት አገባ። በ1872 የኖርዘርን ፓሲፊክ ኩባንያ የባቡር ሐዲድ በእርሻቸው አቋርጦ አለፈ። ባልና ሚስቱ ባቡር ባለፈበት ከተማ እንደሚበቅል ተረዱ። በጥር 1875 መሬታቸውን በመንገድና በቦታ ከፋፍለው ሴንተርቪል የሚባል ከተማ ፕላን አስመዘገቡ። ይህች ከተማ በኋላ ሴንትራሊያ ተባለች። ለቤት መሥሪያ የሚሆነውን አንዱን ቦታ በ10 ዶላር ሸጡ። ከዚያም ያለ ዋጋ የሰጡት አለ፤ ለባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ፣ ለመቃብር ስፍራ እና ለሕዝብ አደባባይ የሚሆን መሬት። አደባባዩ ዛሬም በከተማዋ መካከል አለ፤ የጆርጅ ዋሽንግተን መናፈሻ ይባላል። መሬት እንዳይኖረው በሕግ የተከለከለ ሰው ለከተማ መሬት ሰጪ ሆነ።

መሬት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በአገራችን በአንድ ክንድ ድንበር ወንድማማቾች ተካሰዋል፤ ደምም ፈሷል። ከምታመልኩባቸው አዳራሾችም አንዳንዱ የተጀመረው አንድ አማኝ ከግቢው ቆርሶ በሰጠው ቦታ ላይ ነው። ያን የሰጡ ሰዎች ብዙ ባለጸጋ አልነበሩም። ስለዚህ የዋሽንግተንን ስጦታ እንደ ተራ ነገር አንለፈው። ነገር ግን ዝም ብለን አናጨብጭብለትም፤ ጥያቄ እንጠይቀው።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ከመካከላችሁ ጠንቃቃ የሆነው እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ይህማ ንግድ ነው። ከተማ የሚመሠርት ሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለአደባባይ መሬት ቢሰጥ የቀረው መሬቱ ዋጋ ይጨምርለታል። ሰጠ ከምንል ዘራ ብንል አይሻልም?» እውነት አለው። በምዕራብ አሜሪካ ብዙ ከተማ መሥራቾች እንዲህ አድርገዋል፤ አንዱን ቦታ ሰጥተው ዐሥሩን በውድ ሸጠዋል። የሰው ልብ ደግሞ ድብልቅ ነው። ፍቅርና ጥቅም በአንድ እጅ አብረው ሊወጡ ይችላሉ፤ ሰጪው ራሱ እንኳ ለይቶ ላያውቃቸው ይችላል። በ1875 ቆመን የዋሽንግተንን ልብ ብንመረምር ስጦታው የትኛው እንደሆነ መናገር አንችልም ነበር።

ነገር ግን ቀን ይፈትናል። በ1893 አሜሪካን ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ መታት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ተዘጉ። በዋሽንግተን እርሻ ላይ ሐዲድ የዘረጋው የኖርዘርን ፓሲፊክ ኩባንያ ራሱ ከሰረ። በሴንትራሊያ ሥራ ጠፋ፣ የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ ሰው ተራበ። ዋሽንግተን ያን ጊዜ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሽማግሌው ከሌላ ከተማ ዱቄት፣ ሩዝና ስኳር እያስመጣ ለተራቡት አከፋፈለ። ለተቸገሩት ያለ ወለድ አበደረ። ዕዳ ያለባቸውን ቤታቸውን አልነጠቃቸውም። ሥራ ላጡት ሥራ ፈጠረላቸው። ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት መስጠት ትርፍ አልነበረውም። የሚጨምር የመሬት ዋጋ አልነበረም፣ የሚመጣ ገዢም አልነበረም። መከር በማይጠበቅበት ዓመት እጁን የሚዘረጋ ሰው እየዘራ ነው ልንለው አንችልም፤ እየሰጠ ነው። የ1893ቱ እጅ የ1875ቱን እጅ ገለጠልን።

ለራሳችን የምንወስደው መለኪያ ከዚህ ይወጣል። ስትሰጡ ልባችሁ ድብልቅ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ መስጠትንም አታቁሙ። ንጹሕ ልብ እስኪኖረኝ ልጠብቅ የሚል ሰው ሳይሰጥ ያረጃል። ነገር ግን የሚመለስላችሁ ምንም በሌለበት ቀን ምን እንደምታደርጉ ተመልከቱ። የሚያየው ሰው በሌለበት፣ ስሙ በማይጠራበት፣ ተቀባዩ ብድር ሊመልስ በማይችልበት ቀን የዘረጋነው እጅ ስለ ሌሎቹ ቀኖቻችንም ይመሰክራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ግፍ የተሠራበት ሰው ቸር የመሆን ዕዳ አለበት ወይ? ወደ ዋሽንግተን ቀርበን «ከለከሉህ፤ አንተ ግን ስጣቸው» ለማለት መብት አለን ወይ? እኔ የለንም እላለሁ። በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን አንዳንዴ ትሳሳታለች። የተገፋውን ሰው ትዕግሥት ስናመሰግን የገፊውን ኃጢአት እንረሳለን። የዋሽንግተን ደግነት የ1849ኙን ሕግ ጻድቅ አያደርገውም። «አየህ፣ መከልከሉ ጠቀመው» የሚል ሰው ክፉውንም መልካሙንም አላወቀም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ሲል እግዚአብሔር ነገሩን ለመልካም እንዳሰበው ተናገረ፤ እነርሱ ያሰቡት ግን ክፉ እንደነበረ በዚያው ቃል ውስጥ አልሸሸገም። ይቅርታ ግፉን በስሙ ይጠራል።

ታዲያ ዕዳ ካልነበረበት ለምን ሰጠ? ቅርቡ መልስ «ደግ ሰው ስለነበረ ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ግን ምንም አያስተምረንም። አንድ ሌላ ሰው ልጨምርላችሁ። ጆርጅ ቡሽ የሚባል ጥቁር ሰፋሪ ከዋሽንግተን ጥቂት ዓመታት ቀድሞ በዚያው አካባቢ ሰፍሮ ነበር። እርሱም የኦሪገንን ሕግ ሸሽቶ ነው ወደ ሰሜን የሄደው። በ1852 አዲስ ሰፋሪዎች በብዛት ሲመጡ እህል ጠፋ። ነጋዴዎች የቡሽን እህል በውድ ሊገዙት ቢመጡም እርሱ አልሸጠላቸውም፤ ለጎረቤቶቹና ለመጤዎቹ አቆየው። ሕጉ መሬት ሲከለክለው ደግሞ ጎረቤቶቹ አቤቱታ ጽፈው ስለ እርሱ ለመኑ፤ ኮንግረስም በ1855 ለእርሱ ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ አውጥቶ መሬቱን አጸደቀለት። እርሱም በሌሎች ፊርማ ገባ ማለት ነው።

ሁለት ሰዎች ለሁሉም ሰው ማስረጃ እንደማይሆኑ አውቃለሁ። ተከልክሎ ኋላ ያገኘ፣ ካገኘ በኋላም ከከለከሉት የባሰ ከልካይ የሆነ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። መከራ ብቻውን ደግ አያደርግም። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ሕይወት ውስጥ የምናየው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም የያዙት መሬት በሌላ ሰው ስም ወይም በሌላ ሰው ልመና የተገኘ ነበር። ሁለቱም «በራሴ ጉልበት ብቻ አገኘሁት» ለማለት አይችሉም ነበር። ላባቸው እውነት ነበር፤ ላብ ብቻውን ግን ወረቀት አልሆነላቸውም። በየጠዋቱ እርሻውን የሚያየው ዋሽንግተን ይህ መሬት አንድ ጊዜ በአሳዳጊዎቹ ስም እንደነበረ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው መሬቱን የሚይዘው እጁን ጨብጦ ሳይሆን በመዳፉ ዘርግቶ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። በዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ እግዚአብሔር እስራኤልን በመከር ጊዜ በእርሻ ውስጥ የተረሳችውን ነዶ ተመልሰው እንዳያነሡ ያዝዛቸዋል፤ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ትሁን ይላል። ምክንያቱን ሲሰጥ «ባለጸጎች ናችሁና» አላላቸውም። በግብፅ ባሪያ እንደነበሩ እንዲያስቡ ነገራቸው። በዘጸአት ምዕራፍ 23ም መጻተኛውን እንዳይገፉ ሲያዝዝ እነርሱ የመጻተኛን ነፍስ እንደሚያውቁ ያሳስባቸዋል። የመስጠት ትእዛዝ በማስታወስ ላይ ቆሟል። ብዙ ያለው ሰው ሁልጊዜ አይሰጥም፤ የሚያስታውስ ሰው ግን ይሰጣል። የእስራኤል ውድቀትም ብዙ ጊዜ የጀመረው ከመርሳት ነው። ቤት ሠርተው፣ ጠግበው፣ መንጋቸው በዝቶ «ጉልበቴ አመጣልኝ» እንዳይሉ ያስጠነቀቃቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችን መልስ እንዲህ ይመስለኛል። የተከለከለ ሰው ሁለት ነገር ሊያስታውስ ይችላል። የከለከሉትን ብቻ ቢያስታውስ አጥር ይሠራል። የፈረሙለትን ጭምር ቢያስታውስ በር ይከፍታል። ሁለቱም ትዝታ እውነት ነው፤ አንዱን ለማሰብ ሌላውን መካድ አያስፈልግም። የከለከሉንን ብቻ እያሰብን ከኖርን ግን የፈረሙልንን ሰዎች ከታሪካችን ሰርዘናቸዋል፤ ይህም ሌላ ዓይነት ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ማስታወስ ካልን መጨረሻ ድረስ ማስታወስ አለብን። ዋሽንግተን በ1852 ደን ሲመነጥር ያ አገር ባዶ አልነበረም። ወንዙ የተጠራበት የሺሄሊስ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ምድር ነው። በ1855 የግዛቱ ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ መሬታቸውን በውል እንዲለቁ ሲጠይቃቸው፣ ከወንዞቻቸው ርቀው ወደ ሌላ ሕዝብ ምድር መሄድን ስላልወደዱ አልፈረሙም። ውል ሳይኖር ምድራቸው በሰፋሪዎች ተያዘ፤ በ1864 ጥቂት መሬት በመንግሥት ትእዛዝ ተከለለላቸው፤ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። ኮንግረስ በ1850 ለሰፋሪዎች ያደለው መሬት እንግዲህ ገና ባለቤቶቹ ያልሰጡት መሬት ነበር። ዋሽንግተን በቀለሙ የተገፋው በዚሁ ሕግ ነው፤ ኮክራኖች መሬቱን ያስመዘገቡለትም በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን የማነሣው ሽማግሌውን ለመክሰስ አይደለም። እርሱ ሕጉን አላወጣም፤ መጠጊያ የሚፈልግ ሰው ነበር። ነገር ግን ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። መልካም ሰው፣ የተገፋ ሰው፣ ለጋስ ሰው እንኳ ሌላው በተገፋበት ስፍራ ላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ተገፍቻለሁ ማለት አልገፋሁም ማለት አይደለም። ስጦታም የመሬቱን ታሪክ አያጥብም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ሁለት ነገር መናገሩን አስተውሉ፤ ግማሹን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በግፍ የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስ። መስጠት አንድ ነው፤ መመለስ ሌላ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

አብርሃምንም አስቡ። እግዚአብሔር ከነዓንን ሁሉ ለእርሱና ለዘሩ እንደሚሰጥ ምሎለት ነበር። ሚስቱ ሣራ ስትሞት ግን «ምድሩ የተስፋዬ ነው» ብሎ መቃብር አልቆፈረም። ዘፍጥረት 23 እንደሚነግረን በምድሩ ሰዎች ፊት ተነሥቶ ሰገደ፤ እንግዳና ስደተኛ መሆኑን ተናገረ። ኤፍሮን በነፃ ልስጥህ ቢለውም እሺ አላለም፤ አራት መቶ ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። የእግዚአብሔር ተስፋ በእጁ ያለ ሰው የጎረቤቱን ባለቤትነት አከበረ። ተስፋ ያለው ሰው መቀማት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ምናልባት መሬት የላችሁም። ከተማም አትመሠርቱም። ነገር ግን ሁላችሁም በሌላ ሰው ፊርማ የገባችሁበት ነገር አላችሁ። የትምህርት ቤት ክፍያችሁን የከፈለ አጎት፣ ሳትችሉ በመዘምራን መካከል ያቆመቻችሁ እህት፣ ሥራ ስትቀጠሩ ዋስ የሆነ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አለ። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሶፋውን ለወራት የለቀቀላችሁ፣ ቅጹን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተላችሁ ወገን አለ። ከሲያትል ወደ ፖርትላንድ በመኪና የምትመላለሱ ወጣቶች በመንገዳችሁ ላይ ሴንትራሊያን ታልፋላችሁ። በሚቀጥለው ጉዟችሁ ወደ ከተማዋ ገብታችሁ በዚያ መናፈሻ ጥቂት ተቀመጡ። የተቀመጣችሁበት ስፍራ በአንድ ወቅት በሌላ ሰው ስም ብቻ ሊያዝ የቻለ መሬት ነው።

ከዚያም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፦ እኔ እዚህ ስቀመጥ ማን ተነሣ? የማጠናበት ሰዓት የሚገኘው ቤቱን ሁሉ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሳትማር ስለቀረች ይሆን? የኛ ኅብረት የሚደምቀው አንዳንዶች ድምፃቸው ስለማይሰማ ይሆን? ቤተሰቤ የያዘው ነገር ለማን መመለስ ነበረበት? እነዚህ ጥያቄዎች ደስ አይሉም። ነገር ግን የፈረሙልኝን እያሰብኩ የተነሡልኝን ከረሳሁ ምስጋናዬ ግማሽ ነው። ለፈረመልን ምስጋና እንሰጣለን፤ ለተነሣልን ደግሞ የሚመለስ ካለ እንመልሳለን። የሚመለስ ከሌለም ቢያንስ ስማቸውን አንሰርዝ።

በሚቀጥለው የኅብረት ቀናችሁ ይህን ተወያዩበት። እያንዳንዳችሁ የፈረመላችሁን አንድ ሰው በስሙ ጥሩ። ከዚያ ዛሬ የእናንተን ፊርማ የሚጠብቅ ማን እንዳለ ጠይቁ። አዲስ የመጣች፣ ማንም የማያውቃት፣ «ዋስ አምጪ» የተባለች ልጅ በሰፈራችሁ አትጠፋም። ገንዘብ ላይኖራችሁ ይችላል። ስም ግን አላችሁ፤ ስም ደግሞ ይበደራል።

ጆርጅ ዋሽንግተን በነሐሴ 1905 ከፈረስ ጋሪ ወድቆ ሞተ። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከተማዋ በሙሉ አለቀሰችለት። የተቀበረውም ራሱ ለከተማዋ በሰጠው የመቃብር ስፍራ ነው። በስሙ እንዳይመዘገብ ተከልክሎ ከነበረው ከዚያ ሁሉ መሬት መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰጥቶት ከነበረው ላይ ነው።